መብራቱ እስኪረጋ

ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተር ላቡ በር ላይ ስደርስ የጋሽ ሰይድ አረንጓዴ ሸበጥ ቦታው ላይ አልነበረም።

የኮሌጃችን ኮምፒውተር ላብ ጫማ ወልቆ ነው የሚገባበት። የጅማን ጭቃ የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም። የእኛ የተማሪዎቹ ጫማ ኮሪደሩ ላይ እንደተገኘ ይጣላል። የጋሽ ሰይድ ሸበጥ ግን ከበሩ በስተግራ ብቻውን ያድራል፤ ጠዋት ሲመጡ የውጭ ጫማቸውን አውልቀው እሱን አጥልቀው ይገባሉ። የክፍላችን ተወካይ ስለሆንኩ ቀድሜ የምደርሰው እኔ ነኝ። ስለዚህ ከእርሳቸው በፊት የማገኘው ሸበጣቸውን ነበር። ያን ቀን ቦታው ላይ የቀረው ዙሪያውን የደረቀ ጭቃ የከበበው የሸበጡ ቅርጽ ነው።

ቁልፉን ይዛ የመጣችው መምህርት ሃዊ ናት።

“ቲቸር፣ ጋሽ ሰይድ አመማቸው እንዴ?” አልኳት።

“ሄደዋል” አለች ቁልፉን እያዞረች።

“መልቀቂያ ሰጧቸው?”

“አልሰጧቸውም። ሄደዋል ነው የምልሽ።”

አባቴ በሕይወት ሳለ የመንግሥት ሠራተኛ ስለነበር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ። መልቀቂያ ሳይዝ የሄደ ሰው ሌላ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይቀጥረውም። እዚያ ያሳለፈው ዘመን ሁሉ እንዳልነበረ ይሆናል። ጋሽ ሰይድ ደግሞ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት እዚያ ላብ ውስጥ ነው።

ስለ እርሳቸው የምጽፈው ይህ እንዳይረሳኝ ብዬ ነው። ያወቅኋቸው አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላ ነው፤ ግን ከብዙ ዓመት መምህሮቼ ይልቅ የእርሳቸው ድምፅ ይሰማኛል።

ጋሽ ሰይድ የኮምቦልቻ ሰው ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ከሸሚዛቸው ኪስ ካቻቢቴ የማይጠፋ። ከሰው ጋር ሲነጋገሩ አንድ መዳፋቸውን ሰርቨሩ ላይ ያሳርፋሉ፤ እናት የታመመ ልጇን ግንባር እንደምትዳስስ። ሰርቨር የምለው ክፍሉ ጥግ ላይ የተቀመጠውን ትልቁን ኮምፒውተር ነው። ሌሎቹ፣ እኛ ፊት ያሉት አሮጌዎቹ፣ የራሳቸው ማስቀመጫ የላቸውም፤ ሁሉንም ነገር ከእሱ ነው የሚያመጡት። እሱ ካልተነሣ እነሱ አይነሡም። የሚሠሩት በሊኑክስ ነው፤ በነጻ የሚገኝ፣ ማንም ከፍቶ ውስጡን ማየትና መለወጥ የሚችለው ስለሆነ።

የመጀመሪያው ቀን ገና ወንበር ሳንይዝ “መብራት ሲመጣ መጀመሪያ ማን ይነቃል?” ብለው ጠየቁን። እኔ ጎበዝ ለመባል እጄን አውጥቼ “ሞኒተሩ” አልኩ። ክፍሉ ሳቀ።

“አብሽሪ” አሉኝ፣ “ዓይን የሚያየው እሱን ስለሆነ ነው። ከየት ነሽ?”

“ከአሰንዳቦ።”

“እንግዲህ የአሰንዳቦዋ፣ ስሚ። እኛ ሰፈር በረመዳን ሰው ለሱሁር የሚቀሰቅሱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ዱላቸውን ይዘው በር ያንኳኳሉ። ግን ካገኙት በር አይጀምሩም። መጀመሪያ ምግብ የምታሞቀዋን ነው። ቀጥሎ ውኃ የሚቀዳውን። በላተኛው መጨረሻ ነው። በላተኛው ቀድሞ ቢነቃ ምን ይሠራል?”

“ይጮኻል!” አለ ናስር። ናስር የክፍላችን ቀልደኛ ነው፤ አባቱ አጋሮ ልብስ ሰፊ ናቸው።

“ይጮኻል። ኮምፒውተር ውስጥም እንደዚያው ነው። ከሁሉ በፊት የሚነቃና ሌላውን በተራ የሚያስነሣ አንድ ፕሮግራም አለ። ፈረንጆቹ ሌላ ስም አላቸው። እዚህ ላብ ውስጥ ስሙ ቀስቃሽ ነው።”

የቀስቃሹን ትእዛዞች በሙሉ የጻፉት ራሳቸው ጋሽ ሰይድ ናቸው፤ መስመር በመስመር፣ ዓመት በዓመት ላይ። ከትእዛዞቹ ሁሉ የታወቀችው “ጠብቅ” የምትለዋ ነበረች። ከተማችን ውስጥ መብራት ሲመጣ አንዴ መጥቶ አይቀመጥም፤ ይመጣል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይመጣል። መብራት እንደመጣ ፍሪጅ የሚሰካ ሰው የለም። የጋሽ ሰይድ ቀስቃሽም መብራቱ እስኪረጋ ይጠብቅ ነበር። እኛም ጥቁሩ ስክሪን ላይ አፍጥጠን አብረን እንጠብቃለን። አንድ ሰው ከተቁነጠነጠ “ተራህ ይደርሳል” ይላሉ፣ መዳፋቸው ሰርቨሩ ላይ እንዳለ።

ችግሩ የመጣው በሁለተኛው ሴሚስተር፣ ከአዲሶቹ ኮምፒውተሮች ጋር ነው። የእኛ ሊኑክስ አሮጌ ስለነበር አላወቃቸውም። አዲሱ ሊኑክስ ደግሞ የመጣው ቀስቃሹ ተቀይሮ ነው።

መምህርት ሃዊ የጋሽ ሰይድ ተማሪ ነበረች፤ ዲግሪዋን አዲስ አበባ ጨርሳ እዚሁ ተመልሳ መምህርት ሆነች። አዲሱ ይግባ ያለችው እሷ ናት። ጋሽ ሰይድ አይሆንም አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ላቡ ውስጥ የሁለቱ ክርክር እንደ ሬዲዮ ይሰማ ነበር።

“አሮጌው በር በር ያንኳኳል” ትላለች ሃዊ። “አዲሱ ሁሉንም በር በአንዴ ነው የሚያንኳኳው። ግን ማን ማንን እንደሚጠብቅ ያውቃል፤ ተጽፎለታል። ጊዜ ይቆጥባል፣ ሚቲ፣ አይደል?”

“ጊዜ ቆጥበሽ ምን ልትሠሪበት ነው? መብራቱ እንደሆነ የሚመጣው በራሱ ጊዜ ነው።”

“ጋሼ፣ ዓለም ሁሉ እኮ ተቀይሯል።”

“አልተቀየረም፤ ተጣልቷል። ሄደሽ አንብቢ። ሊኑክስ የሚሠሩት ሰዎች በዚህ ነገር ተሰዳድበው፣ ድምፅ ሰጥተው፣ ግማሾቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወጥተው የራሳቸውን ሠርተዋል። ለምን? ቀስቃሽ ይቀስቅስ ነው ያሉት! ይሄኛው ይቀሰቅሳል፣ መዝገብ ይይዛል፣ ሰዓት ይቆጣጠራል፣ ማን ገባ ማን ወጣ ይላል። መዝገቡንም በራሱ በኩል ካልሆነ አያስነብብም። ቀስቃሽ ነው ቀበሌ?”

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሃዊም ሳቀች፤ “አቦ ጋሼ፣ ከእርስዎ ጋር አይቻልም” ብላ ወጣች።

ነገሩ ዲኑ ጆሮ ደርሶ ግምገማ ላይ ቀረበ። የተማሪ ተወካዮች ስለምንገኝ እኔም ነበርኩ። የቀበሌዋን ቀልድ ጋሽ ሰይድ አዳራሹ ውስጥ አልደገሟትም።

“ካይዘን ምን ይላል?” አሉ ዲኑ። “የማያስፈልገውን ለይተህ አስወግድ ይላል። አቶ ሰይድ ጋ የምናየው የአመለካከት ችግር ነው። ለውጥን የመጠራጠር ችግር።”

የንብረት ክፍሉ ሰውዬ እጃቸውን አወጡ። “ለመሆኑ ይሄ አዲሱ ቀስቃሽ በስንት ነው የሚገዛው?”

“ነጻ ነው” አለች ሃዊ።

“አሮጌውስ?”

“እሱም ነጻ ነው።”

“ሁለቱም በነጻ ከሆኑ ታዲያ ሰው በምን ይጣላል?”

አዳራሹ ሳቀ። ጋሽ ሰይድ ግለ ሂስ እንዲያደርጉ ተጠየቁ። ተነሡ፤ መዳፋቸውን የሚያሳርፉበት ስላጡ ወንበሩን ያዙ።

“ድክመቴ መጠበቅ ነው” አሉ። “ኮምፒውተሩን ጠብቅ ብዬ አዝዤዋለሁ። እኔም እጠብቃለሁ። በየዓመቱ መልቀቂያ እጠይቃለሁ፤ ተተኪ እስኪገኝ ጠብቅ እባላለሁ…”

“እሱ ሌላ አጀንዳ ነው” አሉ ዲኑ። “እንቀጥል።”

መልቀቂያ ለምን እንደሚጠይቁ የገባኝ የዚያን ጊዜ ነው። የጋሽ ሰይድ ባለቤት ኮምቦልቻ አስተማሪ ናቸው። አንዲት ልጅ አለቻቸው። ጋሽ ሰይድ ቤታቸው የሚሄዱት በዓመት ፈቃድ ነው። አንድ ቀን እየሳቁ እንደነገሩን፣ ባለፈው ሲሄዱ ልጃቸው በሩን ከፍታ “እማዬ፣ እንግዳው መጣ” ብላለች። ከዚያም እንደ ደንቡ ለእንግዳ የሚሰጠውን ወንበር ሰጠቻቸው። “ጨዋ ልጅ ናት” አሉ፣ “እንግዳ ማስተናገድ ታውቅበታለች።” እኛም አብረናቸው ሳቅን።

ከግምገማው በኋላ አንድ ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የቤት ሥራዬን ልጨርስ ላቡ ውስጥ ቀርቼ ነበር። ጋሽ ሰይድና ሃዊ ሰርቨሩ ጋ ተቀምጠዋል። እኔን የረሱኝ መሰለኝ።

“ጋሼ፣ አንድ ነገር ልበልዎት፣ አይቆጡም?”

“ተናገሪ።”

“ዲኑ ለምንድን ነው የማይለቁዎት?”

“ተተኪ የለማ።”

“ለምን የለም? እኔ አለሁ። ግን የእርስዎን ትእዛዝ እኔም አላነበውም። እዚህ ጋ ይጠብቃል፣ እዚያ ጋ ይዘልላል፤ ምክንያቱ እርስዎ ልብ ውስጥ ነው ያለው። አዲሱን ግን የትም የተማረ ሰው ያነበዋል። ይሄ አሮጌ ቀስቃሽ እስካለ ድረስ አይወጡም ጋሼ። በሩን የዘጋብዎት እሱ ነው። እርስዎ ደግሞ ይከራከሩለታል።”

ጋሽ ሰይድ መዳፋቸውን ከሰርቨሩ አነሡ። የተቆጡ መስሎኝ ነበር።

“ይሄን ሳላውቅ ቀርቼ ይመስልሻል?” አሉ። “ሃዊ፣ እዚህ ጠዋት ስገባ ሁሉም እኔን ነው የሚጠብቀው። ከእኔ በፊት አንድም አይነሣም። እዚያ ቤት ስሄድ ደግሞ ሁሉም ተነሥቶ፣ በልቶ፣ ሥራው ላይ ነው። ያለ እኔ ለምደዋል። የማላስፈልግ ሆኜ ከዚህ ወጥቼ፣ የማላስፈልግበት ልግባ?”

“ኧረ ጋሼ…”

“እውነቴን ነው። ወላሂ።”

እኔ ቀና ሳልል የቤት ሥራዬ ላይ አቀረቀርኩ። ከዚያ በፊት፣ የታሰረ ሰው ሁልጊዜ መውጣት ብቻ የሚፈልግ ይመስለኝ ነበር።

በማግሥቱ ጋሽ ሰይድ “አዲሱን አስገቢው” አሏት።

ሃዊ ቅዳሜንና እሑድን ሠርታ አዲሱን አስገባች። የጋሽ ሰይድን “ጠብቅ” ግን ምክንያቷን ስላላወቀች፣ ማጥፋትም ስለፈራች፣ እንዳለች ወስዳ አዲሱ ውስጥ ከተተቻት። ሰኞ ለብቃት ምዘናው ልምምድ ላቡን ሞልተን ተቀመጥን። ዲኑም ለውጡን ሊያዩ መጥተው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ በካልሲ ቆመዋል። ሁሉም ነገር በጣም በፍጥነት ተነሣ። ሁለት ሦስት ሰው አጨበጨበ።

ከዚያ መብራት ሄደ።

ተመልሶ መጣ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ሄደ፣ መጣ። ስክሪኖቻችን በሩ፤ አንድ መስመር ላይ ደርሰው ቆሙ። ሁሉም እዚያው መስመር ላይ ነበሩ። ጠበቅን። ምንም የለም። ሃዊ አጥፍታ አበራችው፤ እዚያው።

“ይሄ ነው እንዴ ለውጡ?” አለ ናስር በሹክሹክታ።

ዲኑ ወደ ጋሽ ሰይድ ዞሩ። “አቶ ሰይድ፣ እርስዎ ትክክል ነበሩ። በግምገማው የተባለው ይነሣል። ወደ ድሮው ይመልሱልን።”

ሁላችንም እርሳቸውን አየን። ያሸነፉበት ቀን ነበር። የድሮው ቢመለስ ጋሽ ሰይድ ዳግመኛ ማንም የማይነካቸው ሰው ይሆናሉ፤ ከዚያ ላብም ዳግመኛ አይወጡም። እኔ ይህን ያወቅሁት ከዚያ ዝናባማ ከሰዓት የተነሣ ነው።

ጋሽ ሰይድ ሰርቨሩ ስክሪን ላይ ጎንበስ ብለው አነበቡ። ደግመው አነበቡ። ከዚያ ሳቁ።

“አልተበላሸም” አሉ። “መጠበቅ ሰልችቶት ነው።”

“እንዴት?” አሉ ዲኑ።

“እኔ ጠብቅ ብዬዋለሁ። ይሄኛው ቀስቃሽ ግን ለመጠበቅ ልክ አለው። አንድ ደቂቃ ተኩል ጠብቆ፣ አልነሣ ያለውን ‘ተወው’ ብሎ ያልፈዋል። የእኔ ጠብቅ ደግሞ መብራቱ ሲንቀጠቀጥ ከዚያ ይረዝማል፤ ስለዚህ ከእሱ በኋላ የሚነሡት ሁሉ ሳይነሡ ቀሩ። ሃዊ፣ ነይ። ልኩ የሚጻፈው የት ነው?”

ሃዊ እየተጣደፈች መጥታ አሳየቻቸው። “እዚህ ጋ። እስከ መቼ ይጠብቅ ጋሼ?”

“መብራቱ እስኪረጋ።”

“እሱን አያውቅም። ቁጥር ነው የሚፈልገው። እስከ መቼ?”

ጋሽ ሰይድ ጣታቸው ቁልፎቹ ላይ እንዳለ ቆመ። ቀላል ጥያቄ ነበር። ሃዊ የረዳቻቸው መስሏት፣ “ካስቸገረ ያለ ልክ ማለትም ይቻላል። ቃሉ አለው። እሱን ከጻፉለት ዝንት ዓለም ይጠብቃል” አለች።

“ያለ ልክ?”

“አዎ።”

“አይ” አሉ ጋሽ ሰይድ። “አይ፣ ልክ ይኑረው።”

አምስት ደቂቃ ብለው ጻፉ። አጥፍተው አበሩት። ጥቁሩ ስክሪን ላይ እንደ ድሮው ጠበቅን፤ ከዚያ አንድ በአንድ ሳይሆን ሁሉም ባንዴ በሩ። ዲኑ እጃቸውን ሊጨብጧቸው መጡ።

“ትክክል የነበረችው ሃዊ ናት” አሏቸው ጋሽ ሰይድ። “የጎደላት ምክንያቱ ነበር። እሱን ደግሞ እኔ ነኝ ያልጻፍኩላት።”

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት የዓመቱ ጥሩ ሳምንታት ነበሩ። ጋሽ ሰይድ ከሃዊ ጎን ተቀምጠው ትእዛዞቹን ሁሉ ወደ አዲሱ አዛወሩ። ከእያንዳንዱ በላይ ለምን እንደተጻፈ በአማርኛ ያስቀምጣሉ፤ ሃዊ ከሥሩ በአፋን ኦሮሞ ትደግመዋለች። እኛን በአንድ ለአምስት ቡድናችን ከፍለው ሁላችንንም አሠሩን፤ አጥፍተን፣ አበላሽተን፣ አስተካክለን። “አንድ ለአምስት ዛሬ ገና ለቁም ነገር ዋለ” አለ ናስር። ከዚያ ወዲያ ሰርቨሩን ማስነሣት የማይችል ተማሪ በክፍላችን አልነበረም። ጋሽ ሰይድ አንዳንዴ እጃቸውን አጣምረው በሩ ጋ ቆመው ያዩናል፤ ፊታቸው ላይ ደስታም ሐዘንም ነበር። እኔ ላይ ሲደርሱ “መጀመሪያ ማን ይነቃል?” ይሉኛል፣ ያችን የሞኒተር መልሴን ሊያስታውሱኝ።

ከዚያ ወደ ዲኑ ሄዱ። ሲመለሱ ሃዊ “እ?” አለቻቸው።

“ጥያቄዬ እስከ ሰኔ መጨረሻ ይጠብቃል አልኳቸው።”

“ምን አሉ?”

“አሁን እኮ አሮጌውንም አዲሱንም የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ለማን ትተውን ይሄዳሉ? ጥቂት ይጠብቁ አሉኝ።”

ሃዊ ፊቷ ተለወጠ። በአዲሱ ቀስቃሽ በኩል በሩ ይከፈታል ያለቻቸው እሷ ነበረች። “ይቅርታ ጋሼ” አለች፣ “እኔ እኮ ኮምፒውተሩ መስሎኝ ነው።”

“አብሽሪ” አሏት። “ልኩን ነግሬያቸዋለሁ።”

ሰኔ አለቀ። ያ ሰኞ መጣ፤ ሸበጡም ቦታው ላይ አልነበረም።

ሃዊ በቀደም በስልክ አግኝታቸዋለች። ሥራ ገና የላቸውም፤ የመንግሥት ቤት እንደማይቀጥራቸው ያውቃሉ። እንዴት ነዎት ስትላቸው ልጃቸው ያደረገችውን ነው የነገሯት። እንደ ሁልጊዜው የእንግዳውን ወንበር አቅርባላቸው ነበር። እርሳቸው ግን ከቦርሳቸው አረንጓዴውን ሸበጥ አውጥተው በእጃቸው ይዘው ቆሙ። ልጅቷ ሸበጡን አየች፣ እርሳቸውን አየች፤ ከዚያ በሩ ጋ የእናቷንና የራሷን ጫማ ገፋ አድርጋ መሀል ላይ ቦታ ሠራችላቸው።

ባለፈው ሳምንት ዲኑ እኔን አስጠሩኝ።

“ውጤትሽን አይቻለሁ” አሉኝ። “ጠንቃቃ ልጅ ነሽ። መምህርት ሃዊ ለማስተርስ ልሂድ ብላ ጠይቃለች፤ ተተኪ እስኪገኝ ጠብቂ ብያታለሁ። አንቺ ክረምቱን አሰንዳቦ አትሂጂ፤ እዚሁ ሆነሽ ላቡን ያዢ። ስትመረቂም ቦታው የአንቺ ነው። ለጊዜው ነው፤ ሰው እስኪገኝ ብቻ።”

ደስ አለኝ፤ መዋሸት አልፈልግም። እናቴ ብትሰማ እልል ትላለች። እኔ ደግሞ ለትልቅ ሰው እሺ ማለት የለመድኩ ነኝ፤ እሺ ሳልል ከአንድ ቢሮ ወጥቼ አላውቅም። ያን ቀንም አፌ ለእሺ ተከፍቶ ነበር።

“እስከ መቼ ነው?” አልኳቸው።

ዲኑ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። “ምን አልሽ?”

“እስከ መቼ ነው ያልኩዎት” አልኩ። “ቁጥሩን ይንገሩኝ፤ እስከዚያ እጠብቃለሁ።”